አነስተኛ የመዳብ አረቄ ማውጫ፦ አሠራሩና አቀዛቀዙ

ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው። «ማውጫውን ሠራሁት፤ ግን አረቄው ሞቆ ይወጣል፣ መጠኑም ያንሳል፣ ቤቱንም ሽታ ይሞላዋል። ድስቱን ልቀይረው?» አትቀይሩት። ድስት ማለት እንፋሎት የሚነሳበት ዕቃ ነው፤ ትንሽ ጠማማ ቢሆንም ይሠራል። አብዛኛው ችግር ያለው ከድስቱ ወዲያ፣ ቱቦውና ውሃው ላይ ነው። ስለዚህ የድስቱን ሥራ ባጭሩ እነግራችሁና ማቀዝቀዣው ላይ ቆየት እላለሁ።

መመሪያው 19 ሊትር ገደማ ለሚይዝ ድስት ነው። ከዚህ በላይ ለጀማሪ አልመክርም። ብዙ ድፍድፍ ብዙ እሳት ይፈልጋል፤ ብዙ እሳትም ብዙ ውሃ።

ከመጀመራችሁ በፊት

የምትኖሩበትን አገር ሕግ እወቁ። ኢትዮጵያ ውስጥ አረቄ ለገበያ ስታወጡ ፈቃድና ግብር አለው። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ያለ ፈቃድ ቤት ውስጥ አልኮል ማውጣትን ለራስ መጠጥም ቢሆን ከልክሎ የቆየ ነው። ሳውዲና ኩዌት ያላችሁ ጨርሶ አታስቡት። ይኸው ዕቃ ግን ያለ አልኮልም ሥራ አያጣም፤ በድፍድፍ ፋንታ ውሃና ጠጅ ሳር ወይም የባሕር ዛፍ ቅጠል ብትጨምሩበት ጥሩ መዓዛ ያለው ውሃና ትንሽ ዘይት ይሰጣችኋል። አሠራሩ አይለወጥም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- የመዳብ ላሜራ፣ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር፣ ስፋቱ 1 ሜትር በ70 ሳንቲ ሜትር (ክብደቱ 6.3 ኪሎ ገደማ)
- አዲስ የመዳብ ቱቦ፣ 5/8 ኢንች፣ 6.5 ሜትር (የፍሪጅና የኤሲ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ጋ በጥቅል ይገኛል)
- የመዳብ ሪቬት፣ 10 ፍሬ
- የኤሲ ሠራተኞች የሚበይዱበት የፎስፈረስ መዳብ ዘንግ፣ 4 ወይም 5 ፍሬ
- እርሳስ የሌለበት የቧንቧ መበየጃ (97 በመቶ ቲን፣ 3 በመቶ መዳብ የሚል ጽሑፍ ፈልጉ) እና ፍላክስ (መበየጃው እንዲይዝ መጋጠሚያው ላይ የሚቀባው)
- 60 ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ በርሜል
- የውሃ ጎማ፣ 2 ሜትር
- ሞላ ያለው መቆንጠጫ፣ 6 ፍሬ
- የጋዝ ቶርች፣ የላሜራ መቀስ፣ የእንጨት መዶሻ፣ ሞረድ፣ መሰርሰሪያ፣ የብርጭቆ ወረቀት
- ቴርሞሜትርና የአልኮል መለኪያ
- የስንዴ ዱቄት፣ ኮምጣጤ፣ 2 ኪሎ ደቃቅ ጨው

ሦስት ነገር አትግዙ። አንደኛ፣ ከአሮጌ ፍሪጅ የወጣ ቱቦ፤ ውስጡ የኮምፕሬሰር ዘይት ስላለ ታጥቦ አይጠራም። ሁለተኛ፣ የመኪና ራዲያተር፤ የተበየደው በእርሳስ ሊሆን ይችላል፣ የፀረ በረዶ ኬሚካል ቅሪትም አለበት። ሦስተኛ፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኞች «ሊድ» የሚሉት መበየጃ። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ አብዛኛው 40 በመቶ ያህል እርሳስ ነው። ትኩስ አልኮል እርሳሱን ይዞት ይወርዳል፤ እርሳስ ደግሞ ሰውነት ውስጥ ይከማቻል።

ላሜራ መቀጥቀጥ ካልፈለጋችሁ 20 ሊትር የሚይዝ የማይዝግ ብረት ድስት ገዝታችሁ አንገቱንና ቱቦውን ብቻ ከመዳብ ሥሩ። ጥሩ አማራጭ ነው። አሉሚኒየም ግን አይሁን፤ ድፍድፍ ኮምጣጣ ስለሆነ ይበላዋል።

መዳብ የሚያስፈልገው ለውበት አይደለም። ድፍድፍ ሲፈላ የሰልፈር ጋዝ ይወጣል፤ ያ የበሰበሰ ዕንቁላል የሚመስለው ሽታ ማለት ነው። ትኩስ መዳብ ይይዘዋል፤ የማይዝግ ብረት አይዘውም።

አሠራሩ

1. ላሜራውን ቁረጡ። ለግድግዳው 90 በ32 ሳንቲ ሜትር፣ ለመቀመጫውና ለክዳኑ 31 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ክቦች፣ ለአንገቱ 28 በ31 ሳንቲ ሜትር። ሁለቱ ክቦችና የአንገቱ ቁራጭ ጎን ለጎን ሲሰለፉ ልክ ከ90 ሳንቲ ሜትሩ ርዝመት ላይ ያርፋሉ፤ መጀመሪያ በእርሳስ ሣሉት። የተቆረጠ ላሜራ እጅ ይቆርጣልና ጠርዙን ሁሉ በሞረድ ግደሉት።

2. አለስልሱት። መዳብ እንደ ብረት አይደለም። በቶርች ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን አግሉትና ውሃ ውስጥ ክተቱት፤ ይለሰልሳል። እየቀጠቀጣችሁ ሳለ መልሶ ሲጠነክርባችሁ እንደገና አግሉት። ይህን የዘለለ ሰው ጠርዙን ሲያጥፍ ይሰነጠቅበታል።

3. ግድግዳውን ጠቅልሉ። በ2 ሳንቲ ሜትር ደርቡት፣ በሪቬት ያዙት፣ ከዚያ በየዱት። የላይኛውን ጠርዝ 1.5 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ እጠፉ፤ ክዳኑ የሚቀመጠው እዚያ ላይ ነው። የመቀመጫውን ክብ ዙሪያውን 1.5 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ አጥፋችሁ ግድግዳውን አልብሱት።

መቀመጫውን በቲን እንዳትበይዱ። ቲን 230 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ ድፍድፉ ካለቀ ወይም እሳት ጎኑን ከላሰው መቀመጫው ይለቃል። የታችኛው ስፌት በፎስፈረስ መዳብ ዘንግ ይበየድ። ቲን የሚበቃው ለላይኛው ክፍል ነው።

4. ክዳኑንና አንገቱን ግጠሙ። የአንገቱን ቁራጭ 28 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ቧንቧ አድርጋችሁ ጠቅልሉት፤ ስፋቱ 9.4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። በዚያ ልክ የክዳኑን መሃል ቅደዱ። የወጣውን ክብ ቁራጭ አትጣሉት፤ ጠርዙን ትንሽ በሞረድ ስትነኩት የአንገቱን ጫፍ ይከድናል። ከጫፉ 3 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብላችሁ ጎኑን ብሱና 1 ሜትር ቱቦ አስገብታችሁ በየዱ። ይህ ቱቦ ወደ በርሜሉ ሲሄድ ቁልቁል ማዘንበል አለበት። ወደ ላይ ካዘነበለ ውስጡ ፈሳሽ የሆነው ሁሉ ወደ ድስቱ ይመለሳል፤ ጋዝና ጊዜ ትጨርሳላችሁ።

ተበይዶ ያለቀውን ሁሉ በሙቅ ውሃና በብሩሽ እጠቡት። ፍላክስ ከቀረበት አረንጓዴ ዝገት ያወጣል።

5. ቱቦውን ጠምዝዙ። አንዱን ጫፍ ድፈኑና የደረቀ ደቃቅ ጨው ሙሉበት፤ እየመታችሁ ጠቅጥቁት፣ ሌላውንም ጫፍ ድፈኑ። 28 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው ክብ ግንድ ወይም ቧንቧ ላይ ቀስ እያላችሁ ጠምጥሙት። 5.5 ሜትር ቱቦ ለመግቢያና ለመውጫው ተርፎት አምስት ዙር ያህል ይሰጣል። ባዶ ቱቦ ስትጠመዝዙ ይጎብጥና መሃሉ ይጣበቃል፤ ጨዉ ያንን ይከላከላል። ብዙዎች አሸዋ ይጠቀማሉ። እኔ ጨው የምመርጠው ሲያልቅ በሙቅ ውሃ ሟሙቶ ስለሚወጣ ነው፤ አሸዋ አንዳንዴ ተጣብቆ ይቀርና መውጫውን ሲዘጋ ይገኛል።

የጥምዝምዙን የላይኛ አፍ የኤሲ ሠራተኛ በመሣሪያው ያስፋላችሁ፤ የደቂቃ ሥራ ነው። ከድስቱ የሚመጣው ቱቦ እዚያ ውስጥ ይገባል። ሁልጊዜ ከላይ የሚመጣው ከታች በሚቀበለው ውስጥ ይግባ። ከተገለበጠ ፈሳሹ በመጋጠሚያው ይንጠባጠባል።

6. በርሜሉ ውስጥ አስቀምጡት። ከበርሜሉ ግርጌ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብላችሁ ብሱና የቱቦውን ጫፍ አውጡ፤ ቀዳዳውን በጎማ ቀለበት አጥብቃችሁ ዝጉት። ከበርሜሉ አፍ 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብላችሁ ደግሞ የትርፍ ውሃ መውጫ ብሱ። በርሜሉ ፕላስቲክ መሆኑ አያሳስብም፤ ውሃው አረቄውን አይነካውም። እንፋሎትና አረቄ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ግን ፕላስቲክም ተራ ጎማም አይግባ።

አሁን ዋናው ፍተሻ፦ እያንዳንዱ ዙር ከላይ እስከ ታች ያለማቋረጥ መውረድ አለበት። አንዱ ዙር መሃል ላይ ረግቦ ሆድ ካወጣ ፈሳሽ እዚያ ይቋጥራል፤ እንፋሎቱ ከኋላ ይገፋውና አረቄው አንዴ ፈንጥቆ አንዴ ዝም ይላል። ዙሮቹን በሦስት የመዳብ ሽቦ ማሰሪያ ከላይ ወደ ታች እሰሯቸው። ከዚያ አንድ ብርጭቆ ውሃ ከላይ አፍስሱ። የገባው በሙሉ ወዲያው ከወጣ ተሳክቷል።

በርሜሉ ከፍ ባለ ነገር ላይ ይቀመጥ፤ መውጫው ሥር ጠርሙስ መቆም አለበት። ድስቱም ያንኑ ያህል ከፍ ይበል። ብሎኬት ደርድሩና ከመበየዳችሁ በፊት ለኩ።

7. በሊጥ አሽጉ። የስንዴ ዱቄት በትንሽ ውሃ ጠጠር አድርጋችሁ አቡኩ፤ በክዳኑ ጠርዝና በቱቦው መጋጠሚያ ዙሪያ ለጥፉት። (ጤፍ አታባክኑ፤ ለዚህ ሥራ ስንዴ ይበልጣል፣ የጤፍን ዋጋም ታውቁታላችሁ።) ክዳኑን በመቆንጠጫዎቹ ያዙ። ብሎን አትሰሩበት፣ አትበይዱት። ቱቦው በሆነ ምክንያት ቢደፈን ቀድሞ መፈናቀል ያለበት ሊጡ ነው። ሊጡ አቅም አጥሮት ሲለቅ እንፋሎት ይወጣል፤ በብሎን የታሰረ ድስት ግን ይፈነዳል።

8. አጥባችሁ ፈትኑ። መጀመሪያ ንጹሕ ውሃ ብቻ አፍሉበትና የሚያፈስ ቦታ ፈልጉ። ቀጥሎ ግማሽ ውሃ ግማሽ ኮምጣጤ ጨምራችሁ አንድ ሰዓት ያህል አፍሉ። የሚወጣው ሁሉ ይደፋ። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያውን አረቄም አትጠጡት፤ የብየዳውን ቅሪት የሚያጥበው እሱ ነው።

ስለ ማቀዝቀዝ

ስንት ውሃ ይበቃል? አንድ ሊትር 40 በመቶ አረቄ ከእንፋሎትነት ወደ ቀዝቃዛ ፈሳሽ እስኪለወጥ 2,000 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይለቃል። አንድ ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 50 ዲግሪ ሲሞቅ የሚሸከመው 125 ኪሎ ጁል ገደማ ነው። ስለዚህ ለአንድ ሊትር አረቄ 16 ሊትር ያህል ውሃ ያስፈልጋል። 12 ሊትር ድፍድፍ፣ 7 በመቶ አልኮል ቢኖረው፣ ሁለት ሊትር ገደማ አረቄ ይሰጣል። ይህ 32 ሊትር ውሃ ነው። የ60 ሊትር በርሜል የመረጥነው ለዚህ ነው፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈርም ሞልታችሁ ከጀመራችሁ ቧንቧው ቢጠፋ አንዱን ዙር ትጨርሳላችሁ። በባልዲ የምታቀዘቅዙት ሰዎች ስሌቱን አሁን አያችሁት፤ 15 ሊትር ባልዲ አንድ ሊትር አረቄ እንኳ ሳይወጣ ተዳክሟል።

ሁለተኛው ነገር የውሃው አገባብ ነው። ቀዝቃዛው ከታች ይግባ፣ ሙቁ ከላይ ይውጣ። ሙቅ ውሃ ቀላል ስለሆነ ራሱ ወደ ላይ ይሰበሰባል። አረቄው ደግሞ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ በመጨረሻ የሚያገኘው የበርሜሉን ቀዝቃዛ ክፍል ነው። ውሃ ከላይ ካፈሰሳችሁ ሁለቱን ትደባልቃላችሁ፤ በርሜሉ ሁሉ ለብ ይልና አረቄውም ለብ ብሎ ይወጣል። ጎማውን ከጀሪካን ወይም ከቧንቧ አንስታችሁ እስከ በርሜሉ ግርጌ አውርዱት። በርሜሉን በእንጨት አታማስሉ።

ምርመራው በእጅ ነው። መዳፋችሁን በርሜሉ ላይ ከላይ ወደ ታች አንሸራቱ። ከላይ የሚያቃጥል፣ መሃሉ ለብ ያለ፣ ግርጌው ቀዝቃዛ ከሆነ አትንኩት። ሙቀቱ ወደ ታችኛው ሲሶ ከደረሰ በቀስታ ቀዝቃዛ ውሃ ልቀቁ። ቧንቧ ከሌለ የላዩን ሙቅ ውሃ በጆግ እየቀዳችሁ አውጡ (ልብስ እጠቡበት)፤ የጎደለውን በጎማው ከታች ተኩ። ውሃ በሃይላንድ አቀዝቅዛችሁ በረዶ ካደረጋችሁ ከድንጋይ ጋር አስራችሁ ወደ ግርጌ አስጥሙት፤ ላይ ከተንሳፈፈ ውሃውን ያገላብጠዋል።

የሚወጣው አረቄ ጠርሙሱን ሲነካ ከክፍሉ ሙቀት ብዙ መብለጥ የለበትም። ሞቆ ከወጣ ወደ ፈሳሽ ያልተለወጠ እንፋሎት አብሮት እየወጣ ነው። አረቄ ማባከን ብቻ አይደለም፤ የማይታይ ተቀጣጣይ ጋዝ ክፍሉን እየሞላው ነው ማለት ነው።

ስታወጡ

9. ድፍድፉን በጨርቅ አጥልላችሁ 12 ሊትር ጨምሩ፤ ከድስቱ ሁለት ሦስተኛ አይለፍ። የእህል ድፍድፍ አረፋ ያነሳል። አተላው ካልወጣ ደግሞ ታች ያርራል፤ የማረሩ ሽታ ከአረቄው አይለቅም።

10. በመካከለኛ እሳት ጀምሩ። አንገቱ መሞቅ ሲጀምር እሳቱን ቀንሱ። መውጫው ላይ ጠብታው ፈጠን ያለ ወይም የእርሳስ እንጨት ውስጥ ያለውን ጥቁር ያህል የቀጠነ ቢሆን በቂ ነው፤ በሰዓት ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሊትር።

ስለ ቴርሞሜትር አንድ ነገር። የውጭ መጻሕፍት «78 ዲግሪ ላይ ያዙት» ይላሉ። ይህ ንጹሕ አልኮል በባሕር ጠለል ላይ የሚፈላበት ነው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ፣ ንጹሕ አልኮል 71 አካባቢ ይፈላል፤ 8 በመቶ ያለው ድፍድፍ ደግሞ 86 ገደማ። ደብረ ብርሃን ላይ ከዚህም ዝቅ ይላል። ቁጥሩን ለመያዝ አትታገሉ፤ የድፍድፉ መፍያ የሚወሰነው በውስጡ ባለው አልኮል ነው። እሳት ስትጨምሩ የሚፈጥነው አወጣጡ እንጂ ዲግሪው አይደለም።

11. የመጀመሪያውን 50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ድፉ። አፍንጫ የሚወጋው፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚሸተው ክፍል ነው። ይህ ግን ከሜታኖል (መርዛማው የአልኮል ዓይነት) ዋስትና አይደለም፤ ሜታኖል መጀመሪያ ላይ ብቻ ሳይሆን እስከ መጨረሻው ተደባልቆ ይወጣል። ከእህል ድፍድፍ የሚገኘው በጣም ጥቂት ነው፤ ከፍራፍሬ ልጣጭ ከፍ ይላል። ሰው የሚያሳውረውና የሚገድለው በብዛት ከውጭ የተጨመረ የኢንዱስትሪ አልኮል ነውና ምንም ዓይነት «ስፒሪት» አትቀላቅሉ።

12. በትንንሽ ጠርሙስ በተራ ተቀበሉ። መለኪያው 20 በመቶ አካባቢ ሲያሳይ ወይም የረጠበ ካርቶን ሲሸት አቁሙ። መለኪያው የተሠራው ለ20 ዲግሪ ሙቀት ነው፤ ሞቅ ያለ አረቄ ላይ ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ያነባል።

ማስጠንቀቂያ

የመውጫው ጫፍ አረቄው ውስጥ አይጠመቅ፣ የጠርሙሱም አፍ አይታተም። መብራት ድንገት ሲጠፋ ድስቱ ይቀዘቅዝና ውስጡ ያለው እንፋሎት ይኮማተራል፤ የተጠመቀ ቱቦ አረቄውን ወደ ኋላ ይመጠዋል። መውጫው ላይ ቧንቧ መክፈቻም ሆነ መዝጊያ አትግጠሙ።

መቀበያውን ከእሳቱ አርቁ፤ በቡታጋዝ ወይም በእንጨት የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ መሃላቸው ግድግዳ ቢኖር ይሻላል። 40 በመቶ አረቄ 26 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ የሚቀጣጠል እንፋሎት ይሰጣል። የአልኮል ነበልባል በቀን ብርሃን አይታይም፤ እርጥብ ብርድ ልብስ በአጠገባችሁ ይኑር። መስኮት ክፈቱ። እየወጣ ሳለ ትታችሁት ሱቅ አትሂዱ፤ እየቀመሳችሁም አትሥሩ።

ብዙ የሚያጋጥሙ ስሕተቶች

አረቄው ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ መልክ ካለው ቱቦው ውስጥ የመዳብ ዝገት አለ። ያወጣችሁትን ድፉ፣ በኮምጣጤ ድገሙት። ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላ ቱቦውን በሙቅ ውሃ አጥቦ ማድረቅ ይህን ያስቀራል።

ድፍርስ ብሎ፣ የድፍድፍ ቀለም ይዞ ከወጣ ድስቱ ሞልቷል ወይም እሳቱ በዝቷል፤ አረፋው በአንገቱ አልፏል። እሳቱን ቀንሱ፣ የወጣውን ለሚቀጥለው ድፍድፍ መልሱት።

ድስቱ ይፈላል፣ የሚወጣ ግን የለም ከሆነ መጀመሪያ እሳቱን አጥፉ፣ ከዚያ ሊጡን በእጃችሁ ዳስሱ። እንፋሎት በሊጡ እያፈተለከ ከሆነ አዲስ ሊጥ ለጥፉ። ሊጡ ደህና ሆኖ መውጫው ዝም ካለ ቱቦው ተደፍኗል፤ ድስቱ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁና ነቅላችሁ ውሃ አሳልፉበት።

አንዴ እየፈነጠቀ አንዴ የሚቆም ከሆነ ወደ ቁጥር 6 ተመለሱ፤ አንዱ ዙር ረግቧል።